ለእናቴ የሚያጎነብስ ውሻ

እናቴ ወገቧን የታመመች ጊዜ የሐኪሙ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «ከእንግዲህ እንዳያጎነብሱ።» እናቴ በሕይወቷ ለማንም ጎንበስ ብላ የማታውቅ ሴት ስለሆነች ትእዛዙ የሚከብዳት አልመሰለኝም። ለካ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያጎነብስ ነው የሚውለው! ቁልፍ ይወድቃል፣ መነጽር ይወድቃል፣ ነጠላ ከትከሻ ይንሸራተታል፣ ቻርጀር ከሶኬቱ ሾልኮ ሶፋ ሥር ይገባል። እኔ ጠዋት ከሲኤምሲ ወጥቼ ቦሌ ቢሮ እውላለሁ፤ የምመለሰው ሲመሽ ነው። የወደቀው ነገር ወለሉ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። አንዳንድ ቀን ግን እናቴ እልህ ይይዛትና ራሷ ታነሳዋለች፤ በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ያቅታታል።

ሠራተኛ ቀጠርን። የመጀመሪያዋን እናቴ «ሽንኩርት አከታተፏ አያምርም» ብላ አሰናበተቻት። ሁለተኛዋ «መልስ ትመልሳለች» ተባለችና ሄደች። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ መጣ። እሱ አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ የቤተሰብ ጉዳይን ሁሉ እንደ መሥሪያ ቤት ስብሰባ የሚመራ ሰው ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ እጁን አጣጥፎ «እኛ ጋ ትመጣለች፤ ይኸው ነው። ይሄ ቤት ይከራያል» አለ።

«ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አለች እናቴ።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እሱ ቤት ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥን ጋር ተቆልፎባት ስትውል ታየኝና ፈራሁ። በፍርሃት ውስጥ ሆኜ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ግቢ ያለውን ውሻ አሠለጥነዋለሁ። የወደቀውን እሱ ያነሳላታል።»

ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ የሚያዋጣትን ታውቃለች። «ውሻ መልስ አይመልስም» አለች። ወንድሜ ዓይኑን ጠርጎ ሲያበቃ «እሺ፣ እስከ ፋሲካ እንየው። ካልሆነ ግን እቃዋን እጭናለሁ» ብሎ ሄደ።

ውሻው ከመንገድ ያመጣሁት ቢጫ ውሻ ነው፤ አንድ ጆሮው ይቆማል፣ አንዱ ይተኛል። ግቢ ይጠብቃል ተብሎ ነበር የመጣው፤ እንደ እናቴ አባባል ግን ሌባ ቢመጣ በር የሚከፍት እሱ ነው። ስም የለውም። ላወጣለት ብዬ ነበር፤ «ስም ካወጣሽለት ነገ ክርስትና ልነሣ ይላል» ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ «አንተ» ነው የሚባለው።

ሥልጠናውን ከስልኬ ቪዲዮ ተማርኩ። የፈረንጅ ውሻ ፍሪጅ ይከፍታል፣ ልብስ ከማሽን ያወጣል፣ መብራት ያጠፋል። ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ሚስጥሩ ገባኝ፤ ውሻው ተከፋይ ነው። አንድ ነገር በሠራ ቁጥር አንድ ቁራጭ ሥጋ ይጎርሳል። እኔም ከሉካንዳ ሳንባ እየገዛሁ፣ ጓሮ ከሰል ላይ እየቀቀልኩ፣ በትንንሹ እየከተፍኩ ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ነጠላ ጫማ ሳስነሳው ይዞ ሄዶ ጽጌረዳው ሥር ቀበረው። ሌላውን ነጠላ ጫማ በላው። እናቴ እንዳታውቅ ያንኑ ዓይነት ገዝቼ ተካሁ። እሷም አዲሱን አድርጋ «ይሄ ጫማ ደግሞ በእርጅናው ያምርበታል» እያለች ትዞር ነበር።

በኋላ ግን ገባው። መነጽር ሲወድቅ ሌንሱን ሳይነካ የአንገት ክሩን ይዞ ያነሳል፣ ጭኗ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ደመወዙን ይጠብቃል። እናቴ ሕግ አወጣችለት፤ ሳሎን ይገባል፣ ሥዕለ አድኅኖ ያለበት መኝታ ቤት ግን ድርሽ አይልም። አፉ የነካውን ሁሉ በሎሚ ውሃ ትወለውላለች። አንድ ቀን ከቢሮ ስገባ ግን ለስልክ ወዳጇ «የእኔው ከሰው ልጅ ይሻላል» ስትል ሰማኋት፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ከዚያ ሁዳዴ መጣ።

የቅበላ ዕለት እናቴ ድስቱን ሁሉ አስፈግፍጋኝ ፍሪጁን ከፈተች። ከበረዶው ጀርባ የወሸቅኩትን ጥቁር ፌስታል ጎትታ አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የ... የውሻው ደመወዝ ነው።»

«ከፋሲካ በኋላ ይቀበላል» ብላ ፌስታሉን ከነሳንባው አስወጣችው። የሰፈሩ ሉካንዳም ዘጋ። በሥጋ ፈንታ ዳቦ ሞከርኩ፣ ድንች ሞከርኩ፣ የተቀቀለ ሽምብራ ሞከርኩ። ውሻው ሽምብራውን አሸትቶ ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት ውል ያፈረሰ አሠሪ የሚታይበት ዓይነት ነበር። ሥራ ያቆማል ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ማታ ማታ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ነው።

«ሥራውን ያውቃል» ትላለች እናቴ።

ኩራቴ ወሰን አጣ! ያለ ሥጋ፣ በፍቅር ብቻ የሚሠራ ውሻ አሠልጥኛለሁ ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ የውሻ አዋቂ ሆንኩ፤ ለሻይ በተቀመጥን ቁጥር ሳልጠየቅ ምክር እሰጣለሁ።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሳይናገር መጣ። «እስቲ ያ ሠራተኛ ይታይ» አለ። እናቴ ገና ከመግባቱ ፊቷ ተለዋወጠ። «ዛሬ ደክሞታል፣ ሌላ ቀን» ብላ ነበር፤ እኔ ግን መች ሰማኋት! ቁልፉን ከጠረጴዛ አንስቼ እግሯ ሥር ጣልኩት።

«አንሳ!»

ውሻው አነሳ። ወንድሜ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ውሻው ቁልፉን በአፉ እንደያዘ ዞር አለና በሳሎኑ በር ወጣ።

«አምጣ! አንተ! አምጣ እንጂ!»

በሩጫ ተከተልኩት። በእኛና በጎረቤት አጥር መካከል የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። ውሻው ሆዱን ምድር ላይ አጣብቆ በዚያ ሾለከ፤ ጭራው ብቻ ታየኝ፣ እሱም ጠፋ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ።

የጎረቤታችንን ነገር ልናገር። ከወለጋ የመጡ፣ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ሳሉ በር ላይ አግኝተዋት «ጌታን ይቀበሉ» ቢሏት እናቴ «መቼ አስወጥቼው?» ብላ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ነበር። እናቴ ቤታቸውን «እነ ሃሌሉያ» ነው የምትለው።

ሳሎን ተመልሼ ገብቼ ለወንድሜ ሰበብ ስደረድር የግቢው በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው። ቁልፋችንን በጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ፣ መንገድ ሳይጠይቁኝ አልፈውኝ ገቡ።

«ዛሬ ደግሞ ቁልፍ ነው? ጠዋት መነጽር፣ አሁን ቁልፍ! ምነው አንቺ ሴት፣ እጅሽ አልይዝ አለሽ?» አሉና ወንድሜን ሲያዩ ደነገጡ። የተቀመጡት ግን እግሩ የተሰበረውን ወንበር ትተው ደህናው ላይ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የቤት ሰው ብቻ ነው።

እናቴ ጣሪያውን ታያለች።

«በየቀኑ ነው የሚመጡት?» አላቸው ወንድሜ።

«እሱ ሲልከኝ ነው እንጂ» አሉ ወደ ውሻው እየጠቆሙ፤ ተከትሏቸው ገብቶ ከንፈሩን ይልሳል። «መጀመሪያ የእናትህን ነጠላ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። የሰረቀ መሰለኝ። እኛ እንደናንተ ሁዳዴን አንጾምም፤ ቁራጭ ሥጋ ጣል አድርጌለት ነጠላውን መለስኩ። በማግስቱ ነጠላ ጫማ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበልህ፣ ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ያመላልሰኛል። ስመጣ ደግሞ ወሬ አለ፤ ወሬ ካለ ሰዓቱ ይሄዳል። እኔም ልጆቼ ሥራ ነው የሚውሉት።»

በጣም ተናደድኩ። እኔ ያሠለጠንኩት ውሻ ለሌላ ቤት ተቀጥሯል! ሳቄም መጥቶ ነበር፤ ኩራቴ ስለተነካ ዋጥኩት። እናቴን አየኋት፤ ጎረቤቷ ስለ ስኳር መድኃኒታቸው ሲያወሩ «ወስደሻል ወይስ ረሳሽው?» ብላ ትቆጣቸዋለች። እናቴ የማትቆጣው ሰው የማትወደውን ሰው ብቻ ነው።

ወንድሜን እስከ መኪናው ሸኘሁት። ሞተሩን አስነሳ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማሽም?» አለኝ። ቀጠለና «እኛ ጋ ብትመጣ ቀኑን ሙሉ በሯን የሚያንኳኳ ሰው የለም። እዚሁ ትሁን» አለ። መስኮቱን እየዘጋ «ውሻሽ ግን ፈተናውን ወድቋል» አለ።

የዚያን ዕለት እናቴን «ለምን ደበቅሽኝ?» ብዬ ያዝኳት።

«ምኑን? ሥራውን ያውቃል አልኩሽ፤ አያውቅም?»

ፋሲካ ደረሰ። ወንድሜ ከነቤተሰቡ መጥቶ በግ ታረደ፣ ተበላ፣ ተሳቀ፣ ሄዱ። በማግስቱ ሥራ ስላልነበረኝ የበጉን ሳንባ ጓሮ ቀቀልኩና ከትፌ በሳህን ይዤ ገባሁ። ውሻዬን የማስመልስበት ቀን ነው። ሳህኑን ሲያይ የተኛው ጆሮው ሳይቀር ቆመ።

«ተይ!» አለች እናቴ። «እንዳትሰጪው።»

«ጾሙኮ ተፈታ፣ እማዬ!»

«የእኛ ነው የተፈታው። እሱ እንጀራውን በልቷል፤ ይበቃዋል።»

«ምን አደረገሽ ደግሞ? ምስኪን!»

ከሶፋው ቀስ ብላ ተነሳችና ሳህኑን ከእጄ ወስዳ በክዳን ከደነችው። «ጠግቦ ከተኛ ጎረቤቴን ማን ይጠራታል?»

«ስልካቸው አለሽ፤ ደውለሽ ጥሪያቸው።»

«ምን ብዬ?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ናፈቅሽኝ ልበላት?»

እናቴ ሰዓቷን አየች። ከዚያ የመነጽሯን ማኅደር በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጣለችው። ውሻው አነሳና በሩጫ ወጣ፤ እሷም ነጠላዋን አስተካክላ መጠበቅ ጀመረች።