ለጀርባ የሚሆን ተራራ

የአጎቴ ፎቶ ቤት የኋላ ግድግዳ ላይ አንድ ተራራ ተሰቅሎ ነበር። ጫፉ በረዶ፣ ሥሩ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር የእንጨት ቤት። የት አገር እንደሆነ ማንም አያውቅም። አጎቴም ሸራውን ሲገዛው አልጠየቀም። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 ሰፈር ውስጥ ከውጭ ሙቀቱ ሰው እየቀቀለ፣ ሰዎች ገብተው በረዶው ፊት ይቆማሉ፤ እኔ አነሳቸዋለሁ። አርብ አርብ ደግሞ ሰው ቤት የሚሠሩ ያገሬ ሴቶች ይመጣሉ፣ የዕረፍት ቀናቸው ነው። ለብሰው፣ ተኳኩለው፣ ለእናታቸው የሚልኩትን ፎቶ ይነሳሉ።

ከድሬዳዋ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የመጣሁት አጎቴን ላግዝ ነው። ዋናው ሥራዬ የፓስፖርት ፎቶ ነው። «አገጭ ቀና። ጆሮ ይታይ። አትሳቂ።» ይህን በአራት ቋንቋ እችላለሁ። ሌላ በአራት ቋንቋ የምችለው ነገር የለም።

ከዚያ ኤሲው ማንጠባጠብ ጀመረና ሐይቁ በሰበሰ። በረዶው ቢጫ ሆነ። አንዷ ደንበኛ ገብታ አየችውና «ተራራው ላይ ተሸንቶበታል እንዴ?» ብላ ሳትነሳ ሄደች። አጎቴ ያን ቀን አዲስ ለማሳተም ቆረጠ።

«ኢንተርኔት ላይ ተራራ ሞልቷል፤ አንዱን አውርጂ» አለኝ።

«እኔ አነሳዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ተራራውን። ዴይ ወጥቼ።»

ዴይ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው ጥዳማ ተራራ ነው። ሙቀት የመረረው የጅቡቲ ሰው መኪና ካገኘ ለዕረፍት የሚወጣው እዚያ ነው። የወጣ ሰው ሁሉ ፎቶውን በስልኩ ያሳያችኋል፤ ከፊት ራሱ በጥቁር መነጽር፣ ከኋላ ትንሽ ተራራ። ተራራውን ብቻ ያነሳ ሰው አላጋጠመኝም።

እውነቱን ልናገር፣ ስለ ተራራ ግድ አልነበረኝም። የምፈልገው ግድግዳውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳሁት ፊት ሁሉ በመቀስ ተከርክሞ ፓስፖርት ላይ ተለጥፏል፤ ማን አነሳው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ትልቅ፣ የማይከረከም፣ የብቻዬ የሆነ ነገር ሰው ከበር ሲገባ እንዲያየው ፈለግሁ። በቃ ይኸው ነው።

አጎቴ ነጋዴ ስለሆነ እምቢ አይልም፤ ቀን ይቆርጣል። «ለአረፋ ሰው ይጎርፋል። ከአረፋ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። እስከዚያ ካመጣሽ ያንቺ ይሰቀላል። ካላመጣሽ ፏፏቴውን አሳትማለሁ።» ፏፏቴውን ለካ ቀድሞ መርጦት ኖሯል። ከሥሩ ሁለት ዳክዬዎች ይዋኛሉ።

ማቀድ ጀመርኩ። ቀትር ላይ የተነሳ ተራራ የአፈር ቁልል ይመስላል። ሸንተረሩ ከሸንተረሩ የሚለየው ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ነው፤ ወይ ማለዳ ወይ አመሻሽ። ስለዚህ ሌሊት ተነስቶ ጎህ ሲቀድ መድረስ። ቀላል መሰለኝ።

ጎረቤታችን ላንድክሩዘር አለው፣ ጎብኚ ያመላልሳል። ሶማሌ ነው፣ ግን ልጅነቱ ድሬ ስለሆነ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። እህቱን እንደሚጠራ «አባዮ» ይለኛል። ዕቅዴን ነገርኩት።

«ጫቱስ?» አለኝ።

«የምን ጫት?»

«ጫት ከኢትዮጵያ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ሌሊት ከወጣን ከየት አገኛለሁ? እዚያ ያለው ዝንጀሮ ነው። ዝንጀሮ ጫት አይሸጥም።»

«ከዋዜማው የተረፈህን ያዝ።»

ገላመጠኝ። እዚህ ከተማ ያደረ ጫት ቃም ማለት ስድብ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

«አንድ ቀን ሳትቅም ብትውልስ?»

«መኪናው ገደል ይገባላ። የምነዳው እኔ መሰልኩሽ እንዴ አባዮ? ጫቱ ነው።»

ይህን ሲል አልሳቀም። ስለዚህ ዕቅዴ ከብርሃኑ ወደ ጫቱ ዞረ። ሐሙስ ጫቱ ሲገባ እንነሳለን። ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ ተራራው ላይ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። የመጨረሻው መንገድ ደግሞ መንገድ ሳይሆን የወንዝ ድንጋይ ነው። ስንደርስ ይመሻል። የአመሻሹ ብርሃን ሄደ ማለት ነው። የቀረኝ የአርብ ማለዳ ብቻ፤ ከሰዓት ሴቶቹ ስለሚመጡ ሱቅ መገኘት አለብኝ። አንዲት ማለዳ። ለሷ ደግሞ እዚያው ማደር ግድ ነው።

እራት ላይ «ማደር አለብን» አልኩ።

የአጎቴ ሚስት ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። አክስቴ እላታለሁ፤ እንደ እናት ናት። «ማን ከማን ጋር?»

«እኔና ሾፌሩ።» ምን እንዳልኩ ለራሴ የተሰማኝ ከአፌ ሲወጣ ነው።

«አቦ፣ ስሚኝ። እናትሽ አደራ ስትለኝ፣ ልጄን ተራራ ላይ ከቃሚ ጋር አሳድሪልኝ አላለችኝም።»

«ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው።»

«ታዲያ ከነሱ ጋር ይደር።»

አጎቴ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «ፏፏቴው ማደር አይፈልግም» አለ።

ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ማኩረፍ አይሆንልኝም፣ ዕቃ ሲወድቅብኝ ረስቼ እጠራታለሁ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ልብስ እያጠፈች «እዚያ ላይ ይበርዳል አሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሌሊቱን ሰው ይንቀጠቀጣል አሉ።»

«ብርድ ልብስ የሚያስለብስ?»

«ሁለት የሚያስለብስ።»

ሌላ ቀሚስ አንስታ አጠፈች። ሐረር ነው ያደገችው። እዚህ ከመጣች ወዲህ የበረዳት ፍሪጅ ስትከፍት ብቻ ነው። «እንግዲያው እኔ አብሬሽ አድራለሁ» አለች። መኪና እንደሚያስመልሳት ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን አላስታወስኳትም።

ከዚያ በኋላ ዕቅዱ የኔ መሆኑ ቀረ። እኔ ካሜራ፣ የካሜራ ማቆሚያና ባትሪ ይዤ ነበር። እሷ ፍራሽ፣ ሩዝ ከነድስቱ፣ ሁለት ፔርሙስ፣ ሎሚ ለማቅለሽለሹ፣ ከሻንጣ ሥር የወጣ ናፍታሊን የሚሸት ሹራብ። ሾፌሩ የኋላውን በር ከፍቶ አየና «ሙሽራዋ የታለች?» አለ። አጎቴ ካሜራውን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ከወደቀ አብረሽው ውደቂ።»

ሐሙስ ጫቱ ዘገየ። ሞተር አስነስተን፣ የጫት ሻጯ ጠረጴዛ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅን። ሲመጣ ሾፌሩ እስሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጉያው ከተተና ወጣን። አክስቴ መንገዱን በሙሉ አስመለሰች። አቁሙልኝ ግን አላለችም። ተራራው ላይ ስንደርስ ጨልሞ ነበር። ለእንግዳ ከሚያከራዩት የሰሌን ጎጆዎች አንዱን ለኛ፣ አንዱን ለሾፌሩ ሰጡን። አክስቴ የያዘችውን ሁሉ ደርባ ውጭ ተቀመጠች። ጥርሷ እየተንገጫገጨ «በረደኝ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ኧረ በረደኝ» አለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

በዕቅዱ መሠረት ጎህ ሲቀድ ሾፌሩ ወደ ሸንተረሩ ጫፍ ሊወስደኝ ነበር። ጎጆውን መታሁ፣ ጠራሁት። ከውስጥ «አባዮ፣ ተራራው የትም አይሄድም» የሚል ድምፅ መጣና ወዲያው ማንኮራፋት ሆነ። አክስቴ ሱብሂዋን ሰግዳ ጨርሳ ነበር። «እግር የለሽም እንዴ?» አለችኝ። የካሜራውን ማቆሚያ ተሸከመችና በእግር ሄድን።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ገና መንጋቱ ነው። ከጥዶቹ ብዙዎቹ ደርቀዋል፤ ቅርፊታቸው ተልጦ እንደ አጥንት ነጥተው ቆመዋል። አረንጓዴ ከጠበቃችሁ ታዝናላችሁ። እኔ ግን ወደድኩት። ከኋላቸው ሸንተረር ላይ ሸንተረር፣ ከሁሉ በታች ባሕሩ። ካሜራውን ተከልኩ። ብርሃኑ ከጎን መጣ፣ ልክ እንዳሰብኩት። በካሜራው መስኮት ሳይ አንዲት ብርቱካንማ ነገር ገባች። አክስቴ ናት። ገደሉ አፋፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

«ዞር በይልኝ።»

«ባሕሩ ይታያል» አለች።

«አክስቴ፣ ብርሃኑ ሊሄድብኝ ነው።»

«መርከብም አለ። ነይ እዪው።»

እስክትወጣ ድረስ ብርሃኑን ልለካ ብዬ አንድ አነሳሁ። ቀና ስል ከሥር ጉም ተነስቷል። መጀመሪያ ባሕሩን ወሰደው፣ ቀጥሎ ሸንተረሮቹን፣ ጥዶቹን፣ በመጨረሻ አክስቴን። በነጩ ውስጥ ሆና «ይበርዳል እኮ» ስትል እሰማታለሁ። ጠበቅን። ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ወጥታለች፤ ተራራውም የአፈር ቁልል ሆኖ ነበር። ሾፌሩ ከታች ጥሩምባ ነፋ። አርብ ነው፣ ሱቅ መድረስ አለብኝ።

አጎቴ ያንን አንድ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አየው። «ጥሩ ነው» አለ። ከሱ ይህ ብዙ ነው። ቀጥሎ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «ይቺ ማን ናት?»

«ሚስትህ።»

ጠጋ ብሎ አየና «አጥፊያት» አለ።

ማጥፋት እችላለሁ። ብጉር በየቀኑ አጠፋለሁ፤ አንድ ጊዜ ከሠርግ ፎቶ ላይ ሙሉ ባል አውጥቼ አውቃለሁ። ጀመርኩ። ከላይ ወደ ታች እየሄድኩ ወገቧ ላይ ስደርስ አክስቴ ምሳ ይዛ ገባች። ስክሪኑ ላይ ገደል አፋፍ የቆመ ቀሚስና እግር ብቻ ቀርቷል። ቀሚሱን ለየችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለግድግዳው ነው። ሰው መግባት የለበትም።»

ሳህኑን አስቀመጠች። «እኔ ሰው ሆኜ ነው አብሬሽ ያደርኩት» አለች። ጮክ ብትል ይቀለኝ ነበር። ወጥታ ሄደች።

አጎቴ ምሳውን መብላት ጀመረ። እኔ ስክሪኑን አየሁ። የብቻዬ እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። እሷ ባትኖር ግን ማደር የለም፣ ማለዳው የለም፤ ግድግዳው ላይ ዳክዬ ነበር የሚሰቀለው። ያጠፋሁትን ወደ ኋላ መለስኩት፤ ወገቧ፣ ትከሻዋ፣ ሻሿ ተራ በተራ ተመለሱ።

«እንደዚሁ ይታተማል» አልኩት። «ካልሆነ ፏፏቴህን አሳትም።»

አጎቴ አላምጦ ዋጠ። «ደንበኛው ፊት ለፊት ይቆም የለ? ይሸፍናታል» አለ።

ታተመ። ግድግዳውን ሞላው። አክስቴ ሸራው ላይ ክንድ አክላለች። ደንበኛ ቆሞ እሷን የሚሸፍንበትን ቦታ ለክተን ወለሉ ላይ ቴፕ ለጠፍን።

በመጀመሪያው አርብ የመጣችው ልጅ አጭር ናት። ቴፑ ላይ ብትቆምም አክስቴ ከትከሻዋ በላይ ብቅ አለች። አንስቼ አሳየኋት።

«ይቺ ማን ናት?»

«አክስቴ ናት። ሳጥን ላይ ከቆምሽ ትሸፈናለች።»

ልጅቷ ፎቶውን ትኩር ብላ አየችው። «ማዳሜ ናት ብል ትመስላለች?»

«ከጀርባ ማንም ማዳም ይመስላል።»

«እንግዲያው ትታይ። እናቴን፣ ሽርሽር ይዘውኝ ወጡ እላታለሁ። ሰው ቤት ምን እያደረጉኝ እንደሆነ እያሰበች አትተኛም።»

አክስቴ በሙሉ እንድትታይ ልጅቷ ከቴፑ ወደ ጎን ወጣች፤ ሻርፗን አስተካከለች።

«አሁን አንሺኝ» አለች። «እግሬን ግን እንዳታስገቢው። በዚህ ነጠላ ጫማ ተራራ ወጣሁ ብላት አታምነኝም።»