በጠራራ ፀሐይ የምትጠርገው ወታደር

ወታደሯ እሑድ እሑድ ከአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ወጥታ ወደ ገበያችን ስትታጠፍ፣ የመኪናዋ ዝናብ መጥረጊያ ደረቁን መስታወት ሲፍቅ ይሰማል። በእኛ በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ፣ የመኪና ፍሬቻ ማብሪያ በቀኝ እጅ ነው፤ የእሷ አገር በግራ ስለሆነ፣ ፍሬቻ ላብራ ስትል መጥረጊያውን ታስነሳለች። አጠገቤ አትክልት የሚሸጡት እማማ ኡሺ ይስቃሉ።

"መጣችልህ! ዘነበ እንዴ?"

ጥፍሯን አሳጥራ የምትቆርጥ፣ ያለ ደንብ ልብስም ቀጥ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። "እጄ እንቢ አለኝ፣ እማማ" ትላለች በተሰባበረ ቋንቋችን። የኋላ ወንበሯ ላይ የልጅ መቀመጫ ታስሯል፤ ልጅ ተቀምጦበት ግን አላየንም።

"ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?" አሏት አንዴ።

"ስመጣ ሦስት ነበረች" ብላ ጎያ የምንለውን መራራ አትክልት ማገላበጥ ቀጠለች።

ባለፈው እሑድ ስትታጠፍ መጥረጊያው አልተነሳም፤ ፍሬቻው ብልጭ ብልጭ አለ። እማማ ኡሺ አልሳቁም። የኋላ መስታወቷ ላይ "የሚሸጥ። የልጅ መቀመጫውን አይጨምርም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ገዝታ ስትሄድ እማማ ኡሺ በዓይናቸው ሸኟት።

"ይኸው፣ እጇ ገና ሲለምድ ወደ አገሯ ሊመልሷት ነው" አሉ። ቆይተው ደግሞ ፈገግ አሉ። "ይሁን። አሁን ደግሞ አገሯ ገብታ በጠራራ ፀሐይ ስትጠርግ፣ ልጇ ትሳቅባት።"