ሦስት ኪሎ ስኳር

ሌባን ዓይኑን አይቼ የማውቅ ኦዲተር ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ጌጃ ሰፈር አንድ የቀበሌ ሱቅ ልመረምር ስሄድ፣ ሻጩ ተሰማ በሩ ላይ «ሦስት ኪሎ ስኳር ጎድሏል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፎ ጠበቀኝ። ስኳሩን መዘንኩ፤ ልክ ሦስት ኪሎ ጎድሏል። ጉድለቱን በገዛ እጁ የሚለጥፍ ሰው ሌላ ምን ይደብቃል? የቀረውን ሳላይ «ሌላው ሁሉ የተሟላ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ወደ ሰልፈኞቹም ዞሬ፣

«ከጓድ ተሰማ ተማሩ!» አልኳቸው።

ባዶ ጠርሙስ የያዙ አንዲት እናት ሳቁ።

«እኛማ ተምረናል ልጄ። ወረቀቱን ኦዲተር በመጣ ቁጥር ነው የሚለጥፈው። እስቲ ያንን የዘይት በርሜል በእግርህ መታ አድርገው።»

መታሁት። እንደ ልደታ ማርያም ደወል ጮኸ።