ማህደርን አውቶቡሴ ላይ ያገኘኋት ቅዳሜ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለሰው ስተርከው ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን አልሳቅኩም።

የምንኖረው ብሩክሊን ሴንተር ነው። እኔ የተማሪ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ትልቋ ልጃችን ማህደር ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሃይስኩል የገባች ሰሞን ቺርሊዲንግ ልሞክር ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ የማውቀው በቴሌቪዥን፣ ኳስ ሜዳ ዳር አጭር ቀሚስ ለብሰው የሚጨፍሩትን ነው። “ለሰው የምታጨበጭብ ልጅ አላሳደግኩም፤ ትምህርትሽን ያዢ” አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት አምሽታ ስትመጣ “ክለብ ነበረኝ” ትለኛለች። እኔም የሒሳብ ወይም የሳይንስ ክለብ ይሆናል ብዬ በልቤ እኮራ ነበር።

የዚያን ሳምንት ዓርብ፣ ነገ ክለባችን ጉዞ አለው፣ የጓደኛዬ እናት ትወስደኛለች አለችኝ። ጠዋት እሷ ከወጣች በኋላ ከመሥሪያ ቤቴ ተደወለ። አንድ ሹፌር ታሞ ቀርቷል፤ ተማሪዎችን ወደ ውድድር የሚያደርስ ሰው አጥተዋል። የትምህርት ቤቱን ስም ሲነግሩኝ የማህደር ነው። የእሷ ክለብ ቢሆን ነው ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

በሩን ከፍቼ ጠበቅኩ። መጀመሪያ አሰልጣኟ ገባች። ከእሷ ቀጥሎ ፀጉራቸውን በቀይ ሪባን ያሰሩ ልጃገረዶች እየተሳሳቁ መግባት ጀመሩ። ሰባተኛዋ ወይም ስምንተኛዋ ማህደር ነበረች። ቀይ ሪባን አስራለች፣ ዓይኗ ዙሪያ የሚያብለጨልጭ ነገር ተቀብታለች፣ ከጃኬቷ ሥር የቡድኑ ልብስ ይታያል። አንድ እግሯ ደረጃው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። እኔም መሪውን እንደያዝኩ ደረቅኩ። ከኋላዋ ያሉት ግቢ እንጂ እያሉ ይገፏታል።

“አባዬ” አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ከዚያ አልፋኝ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደች።

ቤት ቢሆን ጮኼ ይወጣልኝ ነበር። ሥራ ላይ ነኝ፣ ሠላሳ ልጅ ጭኛለሁ፣ መንገዱ ያንሸራትታል። አርባ ደቂቃ ሙሉ ነዳሁ። በመስተዋቱ ሳያት አንገቷን ደፍታለች። ሌሎቹ ይዘፍናሉ፣ እሷ አትዘፍንም። ልብሱ አልነበረም ያንገበገበኝ፤ መዋሸቷ ነው።

ስንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ልቆይ አስቤ ነበር። አሰልጣኟ ብርድ ነው፣ ገብተህ ተመልከት አለችኝ። የማን አባት እንደሆንኩ አታውቅም። ጥፋቱን በዓይኔ ልየው ብዬ አዳራሹ ገባሁና ከወላጆቹ መሐል ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

የጠበቅኩት ጭፈራ ነበር። ያየሁት ሌላ ነው። ሦስት ልጆች ከሥር ሆነው አንዲት ቀጭን ልጅ በመዳፋቸው ወደ ላይ ያነሳሉ፤ እሷ እጃቸው ላይ ቆማ እጇን ትዘረጋለች። ከሦስቱ አንዷ ማህደር ናት። ቤት ሳህን አንሺ ስትባል ወገቤን የምትል ልጅ፣ ሰው ተሸክማ ፈገግ ትላለች።

ሁለተኛ ሲያነሷት የቀጭኗ ልጅ እግር አመለጠ። በጎን፣ ጭንቅላቷ ወደ ታች ሆኖ መጣች። አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ “እ!” አለ። ማህደር ወደ ኋላ ከመሸሽ ይልቅ ሥሯ ገብታ በደረቷ ተቀበለቻት፤ ሁለቱም በጉልበታቸው ወረዱ። የልጅቷ ክርን የማህደርን ጉንጭ ሲመታው አየሁ። እኔ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ቆሜያለሁ። ማህደር ልጅቷን አነሳቻት፣ በጆሮዋ የሆነ ነገር አለቻት፣ እንደገና ለማንሳት መቁጠር ጀመረች። ልጅቷ እንደገና ወጣች። በዚህ ጊዜ አልወደቀችም።

አጠገቤ የተቀመጠች ነጭ ሴትዮ እጅጌዬን ይዛ ታለቅሳለች።

“ከላይ ያለችው ልጄ ናት” አለችኝ። “አምና ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ያቺ ልጅ ከሥር ካልቆመች አልወጣም ነው የምትለው። ወላጆቿን አግኝቼ ባመሰግናቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ መጥተው ግን አያውቁም።”

“አባቷ ነኝ” አልኩ። አልሰማችኝም፤ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሴትዮዋ አቀፈችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ከስድስት ቡድን አምስተኛ ወጡ። ልጆቹ ትንሽ አለቀሱ፣ ፒዛ ሲመጣ ረሱት። ማህደር ጉንጯ ላይ በረዶ ይዛ እኔ ወደቆምኩበት ኮሪደር መጣች። ለምን ዋሸሽኝ አልኳት። ሁልጊዜ የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያን ቀን ቃሉን እየፈለገች በአማርኛ መለሰችልኝ።

“አልዋሸሁህም። ክለብ አልኩህ። የምን ክለብ ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም።”

“የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱንስ ማን ፈረመልሽ?”

“አንተ።”

እውነቷን ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ወረቀት ቆልላ ታመጣልኛለች፤ እኔ ሳላነብ እፈርማለሁ። ሁለት ዓመት ፈርሜላታለሁ። ያምሻል ወይ አልኳት፤ ትንሽ አለች። በረዶውን ከእጇ ተቀብዬ፣ አሰልጣኟ እስክትጠራን ድረስ ጉንጯ ላይ ያዝኩላት።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ስነግራት ምንም አልደነቃትም። ነጭ ሽንኩርቷን እየላጠች ጉንጯ አብጧል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ልብሱን ስታጥብ የከረመችው እሷ መሆኗ የገባኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

አሁንም የልብሱ ማጠር አይጥመኝም። የገዛ ልጄን ማንነት ከማላውቃት ሴትዮ መስማቴም እስካሁን ያሳፍረኛል። ግን ያ ሹፌር ባይታመም ኖሮ፣ ማህደር ሃይስኩል ጨርሳ እስክትሄድ ድረስ ሳላያት እቀር ነበር እያልኩ ተመስገን እላለሁ።

ዘንድሮ የቡድኑ መሪ ሆናለች። በቀደም ከልምምድ ልወስዳት ሄጄ፣ አዲስ የገባች የእኛው አገር ልጅ ለመውጣት ፈርታ ስትንቀጠቀጥ፣ ማህደር ከሥር ሆና “አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ” ስትላት ሰማሁ። በሩ አጠገብ የልጅቷ አባት እጁን አጣጥፎ፣ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል። ሄጄ ሰላም አልኩትና፣ ና እዚህ ጋ በደንብ ይታያል ብዬ ወደ ወንበሩ ወሰድኩት።