ዘርፉ አፍ ያስፈታቻቸው ሴቶች

ዘርፉ ልጅ ሳለች ሁሩታ ውስጥ ዝምተኛዋ ነበር የምትባለው። ከነዝምታዋ ተዳረች፤ ከነዝምታዋ ባሏን ተከትላ አዳማ ገባች። ያን ጊዜ ከተማዋን ሰዉ ሁሉ ናዝሬት ነበር የሚላት፤ ዛሬም አፉ የለመደ አልተዋትም። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሌላ ሊያገባ ሲነሣ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የሱም አጎት፣ የሷም አጎት ተጠርተው ግቢው ጥላ ሥር ቤቱ ለማን ይሁን፣ ዕቃው ለማን ይሁን እያሉ መከሩ። እሷ በር ጀርባ ቆማ ትሰማለች። አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "የኛዋ ልጅ መቼም ምንም አትልም፤ እኔ እናገርላታለሁ" አለ። ተናገረላትም። በማግስቱ ፍራሿን በጋሪ አስጭና ቦኩ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች።

ያቺ "እናገርላታለሁ" የምትል ቃል እንደ አጋም እሾህ ውስጧ ተሰብራ ቀረች።

አዳማ መቼም የስልጠና አገር ናት። ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲሰለጥን ይሰነብትና፣ አበሉን ይዞ ሶደሬ ዋኝቶ ይመለሳል። ዘርፉ እንዲህ ያለ አዳራሽ መጀመሪያ የገባችው ወለል ልትወለውል ነው። አንድ ቀን አሰልጣኟ፣ "ሰውን መርዳት ማለት ስለሱ መናገር አይደለም፤ ራሱ እንዲናገር ቦታ መልቀቅ ነው" ስትል፣ ዘርፉ መወልወያዋን እንደያዘች ቆመች። ሰዉ ለሻይ ሲወጣ ሄዳ ሴትዮዋን እጇን ያዘቻት። እንዲህ እንዲህ እያለች ሠልጥና አመቻች ሆነች። አመቻች ማለት ሴቶችን ሰብስባ የምታወያይ፣ ራሷ ግን የማትወስን ማለት ነው።

የቦኩ ሴቶች ጉሊት ቸርቻሪ፣ ልብስ አጣቢ፣ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ዘርፉ ዱካ ላይ ክብ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ሕጓ ጥቂት ነው። ማንም ስለ ሌላ ሰው አይናገርም። ክቡ ውስጥ የተወራ ከክቡ አይወጣም። ቡድኑ የወሰነውን አመቻቿም ብትሆን አትሽርም። ፈሪዋ የጎረቤቷን ዓይን እንዳትፈራ ደግሞ ለያንዳንዷ አንድ ፍሬ በቆሎና አንድ ፍሬ ባቄላ ትሰጣለች፤ እሺ ያለች በቆሎውን፣ እንቢ ያለች ባቄላውን በነጠላዋ ሥር አድርጋ ጣሳ ውስጥ ትጨምራለች።

መጀመሪያማ ምን ይናገራሉ! ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ዘመናይ ስሟን ስትጠየቅ እንኳ አፏን በነጠላ ትሸፍን ነበር። ባሏ ይመታታል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣም። ዘርፉ ወር ሲሄድ ወር ሲመጣ ጎኗ ተቀምጣ፣ "ደረትሽን አቅኚ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ተናገሪ" እያለች አለማመደቻት። ዘመናይ አፏን የፈታች ዕለት ባሏ ራሱ ደነገጠ ይባላል። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት!

ጉዲቱ ግን እንቢ አለች። ከሞጆ አንድ ሻንጣ ይዛ የመጣች፣ ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት ናት። ክረምቱን ሙሉ መጥታ ትቀመጣለች፣ ተነሥታ ትሄዳለች። ዘርፉ እሷን ስታይ ያቺ በር ጀርባ የቆመችው ልጅ ትታያታለች። ሁልጊዜ ከመበተናቸው በፊት፣ "ጉዲቱዬ፣ ዛሬስ?" ትላታለች።

አንድ ቀን ተናገረች። ሞጆ ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት መጠጥ ቤት ነበር የምትሠራው። እዚያው ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ትኩሳት ያዛት። ከሰዓት በኋላ አንድ ሹፌር መጣ፤ የቤቱ ባለቤት "ግቢ፣ ደንበኛ አታስቆሚ" አለቻት። ልጇን ጓዳ አስተኝታ፣ እንዳትወጣባት በሩን ዘግታ ሹፌሩ ጋ ገባች። ስትመለስ ልጅቱ ቀዝቅዛለች።

ሴቶቹ ተላቀሱ። የወሎዋ ሑስና አንገቷን አቅፋ፣ "ወላሂ ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ነሽ!" አለቻት። ዘመናይ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። ዘርፉ የዚያን ዕለት ቤቷ ስትገባ ደስ ብሏት እያንጎራጎረች ነበር።

በበጋው ቀበሌ ለቡድኑ ከአዳማ ወደ ሞጆ መውጫው ላይ አንዲት ክፍል ሰጠ። ቁርስ ቤት ሊከፍቱ ነው፤ ፉል፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳ። ጨጨብሳ ደግሞ የጉዲቱ ነው፤ የሷን የቀመሰ ሌላ አያምረውም። እጇ በሳሙና ተልጦ ይደማል። "እትዬ ዘርፉ" አለቻት፣ "ይሄ ከተሳካልኝ ማጠቡን እተዋለሁ። ይሄ ካልሆነ ግን ሌላ የማውቀው ሞጆን ነው።"

ማን ወጥ ቤት ይግባ ተብሎ ለመወሰን ተሰበሰቡ።

"እኔ አንድ ነገር ልበል" አለች ዘመናይ። "ቤቱ ያለው የሹፌር መንገድ ላይ ነው። ሞጆ የሚያድር ሹፌር ሁሉ ጉዲቱን ያውቃታል። ፉል ብሎ ሲገባ፣ ፉሉን ይሁን እሷን ፈልጎ በምን እናውቃለን?"

ሳቅ ሆነ።

"ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!" አለች ሑስና፣ ራሷም እየሳቀች።

"እኔ ጓዳ ነው የምሆነው" አለች ጉዲቱ። "ማንም አያየኝም።"

"ጓዳውስ?" ዘመናይ ወደሷ ዞረች። "ጓዳ እሳት አለ፣ የጋለ ዘይት አለ። ልጆቻችን እግራችን ሥር ነው የሚውሉት። የራሷን ልጅ ዘግታባት ለሄደች ሴት የኔን ልጅ አምኜ ልተውላት?"

ሳቁ ቀጥ አለ።

"ዘመናይ!" አለች ዘርፉ። "እዚህ የተወራ…"

"ከዚህ መች ወጣ እትዬ? ክቡ ውስጥ ነው የተናገርኩት።"

እውነቷን ነው፤ ሕግ አልሰበረችም። ዘርፉ ሑስናን አየቻት። ሑስና በጣቷ መሬቱን ትጭራለች።

ጉዲቱ ትግባ ወይስ አትግባ ተብሎ ጣሳው ዞረ። ሰፌድ ላይ ሲገለበጥ ባቄላ ብቻ ወጣ። ዘርፉ በእጇ በተነችው፤ አንድም በቆሎ የለበትም።

"ይሄ አይቆጠርም!" ብላ ተነሣች። "ጉዲቱ ትገባለች። እኔ ወስኛለሁ።"

"ማን ሆነሽ?" አለች ዘመናይ። ለስድብ አላለችውም። በእርጋታ ነው ያለችው፣ ደረቷን አቅንታ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። "አንቺ ድምፅ የለሽም እትዬ። ቡድኑ ከወሰነ ወሰነ ያልሽን አንቺው ነሽ።"

"እውነቷን ነው" አሉ ከወዲያም ከወዲህም።

"እሺ፣ ቆዩ፣ ስለ ጉዲቱ አንድ ነገር ልናገር…"

"አይናገሩልኝ።" ጉዲቱ ናት። ሻሿን እያጠበቀች ቆመች። "እኔም ባቄላ ነው የጨመርኩት።"

"አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ?"

"ዘመናይ ያለችው እኔ ለራሴ የምለውን ነው። እስከ ዛሬ እናንተ ስታለቅሱልኝ፣ ምናልባት በራሴ የፈረድኩት ውሸቴን ይሆናል ብዬ ነበር።" ወደ ሁሉም ዞራ "ጋላቶማ" ብላ አመሰገነችና ወጣች።

ሑስና ያን ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ዓይኗን ጠረገችና፣ "እንግዲህ ጨጨብሳውን ማን ይሥራው?" አለች።

ጥቂት ቆይቶ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። ሴቶቹ ተራ በተራ ተነሥተው ያለ ፍርሃት ተናገሩ። አንዱ እንግዳ፣ ሴት በራሷ ስትወስን ማየት ከፈለጋችሁ ቦኩ ኑ አለ። ዘመናይ፣ "አፋችንን ያስፈታችን እትዬ ዘርፉ ናት!" ብላ ጠቆመቻት፤ ተጨበጨበ። ዘርፉ እጅ ነሣች።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዛ ሞጆ ሄደች። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ገና ከመንገዱ ይቀበላል። ተደርድረው በቆሙት ከባድ መኪኖች መሐል ስትጠይቅ፣ ስትጠይቅ መጠጥ ቤቱን አገኘችው። ጉዲቱ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ የእጇ ቁስል ድኗል። ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ ለስላሳ ከፈተችላት።

"አካም ጅርቱ እትዬ። ቁርስ ቤቱ ተከፈተ አይደል?"

"ተከፈተ።"

"ጨጨብሳውን ማን ይሠራል?"

"ሑስና።"

"ሑስና እኮ ቅቤ ትሰስታለች!"

ሁለቱም ሳቁ። ዘርፉ ሳቁ ሳያልቅባት ፈጠን ብላ፣ "ልመልስሽ ነው የመጣሁት" አለች።

"ወዴት?"

ቦኩ ልትል ነበር፤ የጉዲቱን ክፍል ግን አከራይዋ ለሌላ ሰጥታዋለች። ቡድኑም አይባልም። የራሷ የዘርፉ ቤት አለ፤ ፍራሽ መዘርጊያ አያጣም። ግን አመቻች አባሏን ቤቷ አታስገባም ተብላ ተምራለችና፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቧም አልፎ አያውቅም። አሁን ምላሷ ላይ መጣ።

"እኔ…" አለች።

"ጉዲ!" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከውስጥ። "የት ሄድሽ አንቺ?"

"መጣሁ!" ጉዲቱ ተነሣች። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ብርጭቆውን ወደ ዘርፉ ገፋ አደረገችላት። "ይጠጡት እትዬ፣ ይሞቅብዎታል።"

መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ዘርፉም እንደታዘዘችው ጠጣችው።