ቁጥራቸው የጠፋ ሁለት አረንጓዴ ድንጋዮች

ደብረ ብርሃን በሚገኝ የድንጋይ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታደሰ መጋዙን ሳያስነኩኝ ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ሰጡኝ። «መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ቁጥር፣ ከዚያ መጋዝ» አሉ። የአንኮበር ልጅ ነኝና ድንጋይ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ ለዚህም ሰው ይመከራል እንዴ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ሥራችን ድንጋይ በአልማዝ መጋዝ ቆርጦ መስታወት ላይ ማጣበቅ፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ብርሃን እስኪያሳልፍ መፋቅ ነው።

በዘጠነኛው ዓመቴ ጂኦሎጂስቷ ሰብለ ከወለጋ ሺስት የሚባሉ ሁለት አረንጓዴ ድንጋዮች አመጣች፤ አንዱ ከኮረብታ፣ አንዱ ከወንዝ ዳር። የጥንት ባሕር ወለል ነበሩ፤ ወደ ምድር ውስጥ ተስበው በጫናና በሙቀት ተለውጠው ወጥተዋል። ወለሉ በየት በኩል እንደሰመጠ ከእነሱ ልታውቅ ነበር።

«አደራህን፣ መንገዱ ተዘግቷል። ሌላ አላገኝም» አለችኝ።

በዚያ ብርድ ቀለም እስኪደርቅ ማን ይጠብቃል? ከየከረጢታቸው አውጥቼ ቁጥራቸውን በማርከር ጻፍኩባቸው። ቆርጬ ቅባቱን በነጭ ጋዝ ሳጥብ ጽሑፉ ሙልጭ ብሎ ለቀቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔው ግን የሚለቀም አልሆነም።

በማይክሮስኮፕ ሳይ አንዱ ጋርኔት የሚባለው፣ በከባድ ጫና የሚፈጠር ማዕድን አለው፤ ጥልቅ የገባው እሱ ነው። ግን የኮረብታው ነው የወንዙ? ገምቼ ብጽፍ ማንም አያውቅብኝም። ይህን ማሰቤ ራሱ አስፈራኝ።

ሰብለ ስትመጣ «ቁጥራቸው ጠፍቶብኛል፤ የትኛው የየት እንደሆነ አላውቅም» አልኳት።

«ብትገምት ኖሮ አምንህ ነበር እኮ» አለች። ሁለቱንም ከጥናቷ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ሥራ አላመጣችልኝም።

የሁለቱን ድንጋዮች ትራፊ ልጥል ስወጣ ጥበቃችን ጋሽ አያሌው አዩኝ። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚሁ መጠለያ ጣቢያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ድንጋዮቹ ከየት እንደመጡ ጠየቁኝ፤ የወንዙን ስም ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እርሻዬ እኮ እዚያው ወንዝ ዳር ነው! የትኛው ነው የእኛው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

አንዱንም ሌላውንም አገላብጠው አዩ። «እንግዲያስ ሁለቱንም ስጠኝ» አሉና በጋቢያቸው ጠቀለሏቸው።

አሁን አዲስ ሠራተኞችን የማስተምረው እኔ ነኝ። ቁጥሩ በቀለም ይጻፋል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይቆረጣል።