ጎረቤቱ ቀጠሮ ማክበር ሲጀምር

ልብስ ሰፊው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደንበኞቹን «ነገ ይደርሳል» እያለ ኖሯል። ውሸት መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፤ የሰፊ ነገር እንዲህ ነው ብለው ተቻችለው ነበር። አንድ ክፍል የሚጋራው ጎረቤቱ፣ ዝምተኛው ሰፊ፣ ግን ዘንድሮ አመሉን ለወጠ። ጨርቅ ሲቀበል ጥቂት አሰብ ያደርግና «ሐሙስ» ይላል። ሐሙስ ልብሱ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ይጠብቃል።

ማንንም አልመከረም፣ ማንንም አልነቀፈም። ሰፊውን ያንገበገበው ይሄው ነው። ቢሰድበው መልስ አያጣም ነበር። አሁን ግን ጎረቤቱ በቀኑ ባስረከበ ቁጥር «ለታይታ ነው» እያለ ያጉረመርማል። አንድ ቀንማ የዝምተኛው መርፌ ሲሰበር ደስ አለው። በደስታው አፈረ፤ ደስታው ግን አልቀረም።

ዓርብ ጠዋት የሰፊው ሴት ልጅ መጣች። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። የጉርድ ቀሚሷ ጨርቅ አባቷ ጋ ከተቀመጠ ወር ሞልቶታል። ከክምሩ ሥር ጎትታ አወጣችውና ዝምተኛው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ እስከ እሁድ ይደርስልኛል?»

ዝምተኛው ደነገጠ። «አባትሽ እያለ?»

«አባዬማ ነገ ነው የሚለኝ።» በቁጣ አልነበረም፤ እንደለመደችው ነገር ነው የተናገረችው።

ሰፊው ጆሮው ጋለ። ደንበኛ ይውሰድበት፣ ይሁን። ልጁን ግን!

ወዲያው አንዲት ደንበኛ በሩ ላይ ቆማ፣ «የኔ ኮት ደረሰ?» አለችው።

የለመደው መልስ ምላሱ ላይ ነበር። ልጁ ታየዋለች። «አልጀመርኩትም፣ እህቴ። ረቡዕ ነው የማደርሰው።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አመላለስከኝ?» ገብታ ጨርቋን ከክምሩ ነጥቃ ለዝምተኛው ሰጠችው። እሱም አሰብ አድርጎ «ማክሰኞ» አላት።

ሰፊው በቅናት ሊፈነዳ ደረሰ። እውነት ተናግሮ ያተረፈው ይሄንን ነው! ይህን ሲያስብ ልጁ ጨርቋን አጥፋ ወደሱ ተመለሰች።

«በል ለካኝ፣ አባዬ።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ከወር በፊት ሊለካው የሚገባውን ወገብ ገና አሁን ለካ።

«መቼ?» አለችው።

«ዛሬ። ከሰዓት በኋላ።»

ወንበር ስባ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠች። አላመነችውም፤ ግን ተቀመጠች።